ክፍላተ ዓለም እንዴት ተለያዩ? ሰውስ ይህን እንዴት ዐወቀ?

በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ ያላየ ተማሪ ወይም ጸሐፊ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ዐይን የለመደውን ነገር ልብ ብዙ ጊዜ አይመረምረውም። ካርታውን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ደቡብ አሜሪካ በብራዚል በኩል ወደ ባሕሩ ወጣ ብላ ስትታይ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ አፍሪካ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኩል በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ገባ ማለቷ ነው። ሁለቱ ዳርቻዎች ወድቆ ለሁለት እንደ ተከፈለ የገንቦ ስባሪ ቢያቀራርቧቸው የሚገጥሙ ይመስላሉ።

ይህ መመሳሰል እንዲያው አጋጣሚ ነውን? ወይስ እነዚህ ሁለት ክፍላተ ዓለም በጥንት ዘመን አንድ ሆነው ኖረው በኋላ የተለያዩ ናቸው? ጥያቄውን ሕፃንም ሊጠይቀው ይችላል። እርግጠኛው መልስ እስኪገኝ ድረስ ግን አራት መቶ ዓመት ያህል አልፏል። በዚህም ጊዜ ውስጥ ካርታ ሠሪዎች፣ መርከበኞች፣ የድንጋይ መርማሪዎች፣ የአየር ጠባይ ሊቃውንትና የሒሳብ ዐዋቂዎች እያንዳንዳቸው የበኩላቸውን አዋጥተዋል። ለመልሱም እውነተኛነት ከሚመሰክሩት ስፍራዎች አንዱ በአገራችን በኢትዮጵያ፣ በአፋር ምድር ይገኛል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን ታሪክ ነው። የሌላ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካርታው እስኪሟላ ድረስ

የተሰበረ ዕቃ የሚገጥም መሆኑን ለማወቅ አስቀድሞ ስባሪዎቹን መሰብሰብ ያስፈልጋል። የጥንት ግሪኮች የሚያውቁት የዓለምን ሦስት ክፍሎች ብቻ ነበር፤ እነርሱም ኤውሮፓ፣ እስያና፣ ሊብያ ብለው የሚጠሯት አፍሪካ ናቸው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የኤውሮፓ ሰዎች ዕውቀት ከዚህ እምብዛም ሳያልፍ ቆየ። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ታላቅ የዓለም ካርታ በሠራ ጊዜ፣ ስለ ኢትዮጵያ ያሰፈረውን ያገኘው ከዚያው ከተወለዱ ካህናት መሆኑንና እነርሱም ያገራቸውን አውራጃዎች፣ ከተሞች፣ ወንዞችና ተራሮች በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል። የሩቅ አገር ዕውቀት የሚገኘው በዚያ ዘመን ይህን በመሰለ መንገድ ነበር።

በ1492 ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ ከምድር ደረሰ፤ ነገር ግን የደረሰበት እስያ ስለ መሰለው አዲስ ክፍለ ዓለም ማግኘቱን ሳይረዳ በ1506 ሞተ። በማግሥቱ ዓመት በ1507 ማርቲን ቫልድዜምዩለር የተባለ ጀርመናዊ ካርታ ሠሪ፣ አሜሪጎ ቬስፑቺ ከተባለው ጣልያናዊ ተጓዥ ስም ወስዶ አዲሱን ምድር «አሜሪካ» ብሎ በካርታው ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ መርከበኞች ዳርቻውን እየተከተሉ በለኩ ቁጥር የአትላንቲክ ሁለት ጠረፎች ባንድ ወረቀት ላይ ፊት ለፊት ለመታየት በቁ።

መመሳሰላቸውን አስተውለው ከጻፉት ሰዎች አንደኛው አብርሃም ኦርቴልዩስ የተባለው የአንትወርፕ ካርታ ሠሪ ነው። ይህ ሰው በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ አሜሪካ በመሬት መንቀጥቀጥና በውኃ ማጥለቅለቅ ኀይል ከኤውሮፓና ከአፍሪካ ተገንጥላ የሄደች መሆኗን ገለጠ። በምድር ደቡባዊ ጫፍ በበረዶ ተሸፍና የምትኖረው አንታርክቲካ በ1820 ከታየች በኋላ የዓለም ካርታ ዋና ዋና ክፍሎቹ ተሟሉ። በ1858 ደግሞ አንቶንዮ ስናይደር ፔሌግሪኒ የተባለ ጸሐፊ አሜሪካንና አፍሪካን አገጣጥሞ የሚያሳይ ሥዕል በፓሪስ አሳተመ።

ይሁን እንጂ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች መልካቸው ሊመሳሰል እንደሚችል ሁሉ፣ ሁለት ጠረፎችም እንዲሁ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ነገሩ ለጊዜው ከግምት ሳያልፍ ቀረ።

ድንጋይ የሚናገረው

በ19ኛው መቶ ዓመት የምድርን ታሪክ ከዐለት የሚያነቡ የጂኦሎጂ ሊቃውንት በየክፍለ ዓለሙ ተሰማሩ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው። ግሎሶፕቴሪስ የሚባል ቅጠሉ ምላስ የሚመስል ጥንታዊ ዕፅ ቅርጹ በድንጋይ ላይ ታትሞ በህንድ፣ በአውስትራልያ፣ በደቡብ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ተገኘ። ሜሶሶረስ የሚባል፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ፣ በውኃ ይኖር የነበረ እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ዐፅሙ በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ዐለቶች ውስጥ እንጂ በሌላ ቦታ አይገኝም። ይህ ትንሽ ፍጥረት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ውቅያኖስ ዋኝቶ ተሻግሯል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም የባሰ የሚያስደንቅ ነገር ነበረ። በ1856 ዊልያም ብላንፎርድና ወንድሙ ሄንሪ ብላንፎርድ የተባሉ እንግሊዛውያን ሞቃት በሆነው በህንድ አገር ታልቺር በተባለ ስፍራ የበረዶ ግግር እየገፋ ያመጣቸውን የሚመስሉ ታላላቅ ድንጋዮች በጭቃ ዐለት ውስጥ ተቀብረው አገኙ። በኋላም ይህን የመሰለ ምልክት በደቡብ አፍሪካና በአውስትራልያም ተገኘ። ዛሬ ፀሐይ በሚያቃጥለው ምድር ላይ የበረዶ ግግር እንዴት ሊተኛ ቻለ?

የዚያን ጊዜ ስመ ጥር የነበረው የኦስትርያ ሊቅ ኤድዋርድ ዝዩስ እነዚህን የደቡብ አገሮች ባንድ ያያዘ ሰፊ ምድር ጥንት እንደ ነበረ ተናገረ፤ በህንድ ካለው ከጎንድ ሕዝብ አገር ስም ወስዶም ጎንድዋና ብሎ ሰየመው። ነገር ግን ምድሪቱ ተንቀሳቀሰች አላለም። በእርሱና በዘመኑ ሊቃውንት አሳብ ምድር ቀድሞ ትኩስ ነበረች፤ እየቀዘቀዘች ስትሄድም እንደሚደርቅ ፍሬ ትኮማተራለች፤ ተራሮች የቆዳዋ ጭምድድ ናቸው፤ በክፍላተ ዓለም መካከል የነበሩትም የየብስ ድልድዮች ቈይተው ወደ ባሕር ሰጥመዋል ማለት ነው።

ይህ አሳብ ለብዙ ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ቆየ። በኋላ ግን ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ተነሡበት። አንደኛው፣ በ1896 ቤክረል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በአንዳንድ ዐለት ውስጥ ከራሱ የሚመነጭ ጨረር መኖሩን ካገኘ ወዲህ፣ ምድር በሆዷ ውስጥ ሙቀት የምታመነጭ ስለ ሆነች እንዲያው እየቀዘቀዘች የምትኮማተር አለመሆኗ ታወቀ። ሁለተኛው፣ የክፍላተ ዓለም ዐለት ከባሕር ወለል ዐለት ይልቅ ቀላል መሆኑ ተረጋገጠ። ቀላል የሆነ ነገር ከባድ በሆነው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምና፣ ድልድዮቹ ወዴት ገቡ? ለሚለው ጥያቄ መልስ ጠፋ።

ከሌላ ሙያ የመጣው ሰው

በዚህ ጊዜ አልፍሬድ ቬገነር የተባለ ጀርመናዊ ተነሣ። ቬገነር በ1880 በበርሊን ተወለደ። የዶክተርነቱን ማዕርግ ያገኘው በሥነ ከዋክብት ሲሆን፣ የዘወትር ሥራው የአየር ጠባይ ምርምር ነበር። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን 52 ሰዓት ያህል በአየር ላይ በመቈየት በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የበለጠ ውጤት አስመዘገበ። በረዷማ በሆነችው በግሪንላንድ ደሴትም እየተመላለሰ ምርምር አድርጓል። እንግዲህ ይህ ሰው የጂኦሎጂ ሊቅ አልነበረም፤ በኋላም ተቃዋሚዎቹ ከነቀፉት ነገር አንዱ ይኸው ነበር።

ቬገነር ጥር 6 ቀን 1912 በፍራንክፈርት ከተማ በሊቃውንት ስብሰባ ፊት ቆሞ ክፍላተ ዓለም በጥንት ዘመን አንድ እንደ ነበሩና በኋላ ተከፋፍለው እየተንሸራተቱ ዛሬ ካሉበት ቦታ እንደ ደረሱ አስረዳ። ከዚህ ንግግር አንድ ወር በኋላ በሌላው የዓለም ጫፍ፣ ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በረሀብና በብርድ የተሠቃዩት እንግሊዛዊው ካፕቴን ስኮትና ጓደኞቹ በአንታርክቲካ ተራራ ላይ ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ በመንገድ አለቁ፤ የኋለኞቹም ሬሳቸው ሲገኝ 16 ኪሎ ያህል ድንጋይ እስከ መጨረሻው ሳይጥሉት እንደ ያዙት ተገኘ። ድንጋዩ ሲመረመር የግሎሶፕቴሪስ ቅጠል የታተመበት ሆነ። በዚህም በበረዶ የተሸፈነችው አንታርክቲካ ቀድሞ ለምለም የነበረችና ከሌሎቹ የደቡብ ክፍላተ ዓለም ጋር ዝምድና ያላት መሆኗ ታወቀ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቬገነር ዘምቶ ቈሰለ። ከቍስሉ ለማገገም በተሰጠው የዕረፍት ጊዜ የጻፈው መጽሐፍም የክፍላተ ዓለምና የውቅያኖሶች አመጣጥ በሚል ስም በ1915 ታተመ። ሁሉ አንድ የነበሩበትን ያን ታላቅ ምድር በኋላ ሊቃውንት ከግሪክ ቃል ወስደው ፓንጌያ አሉት፤ ትርጓሜውም «ምድር ሁሉ» ማለት ነው።

ቬገነር ስለ ማስረጃው የሰጠው ምሳሌ ለጋዜጣ አንባቢ የሚስማማ ነው። የተቀደደ ጋዜጣ ብናገኝና ቍርጥራጮቹን በጠርዛቸው ብናገጣጥም፣ ጠርዙ ስለ ገጠመ ብቻ ርግጠኛ ልንሆን አንችልም፤ ነገር ግን በአንዱ ቍራጭ ላይ የተጀመረው መስመር በሌላው ላይ ሳይዛነፍ ቢቀጥልና ቢነበብ ቍርጥራጮቹ አንድ ገጽ እንደ ነበሩ ጥርጥር የለውም። በምድርም ላይ ጠርዙ የጠረፉ ቅርጽ ነው፤ መስመሮቹ ደግሞ ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ የሚቀጥሉት የተራራ ሰንሰለቶች፣ የዐለት ድርድሮች፣ የጥንት ዕፀዋትና እንስሳት ቅሪት፣ የበረዶ ግግርም የጫረው ምልክት ናቸው።

«በየት ኀይል?»

የቬገነር አሳብ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። በ1926 በኒው ዮርክ በተደረገው የሊቃውንት ክርክር የበዙት ተናጋሪዎች ሳይቀበሉት ቀሩ። ከተቃዋሚዎቹም ሁሉ ብርቱ የነበረው ሃሮልድ ጄፍሪስ የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ሊቅ ነው። የርሱ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ይህን ያህል የከበደውን ክፍለ ዓለም የሚገፋው ኀይል ከየት ይመጣል? ቬገነር ከምድር መሽከርከርና ከጨረቃ ስበት የሚመጡ ኀይሎችን ጠቀሰ፤ ጄፍሪስ ግን እነዚህ ኀይሎች እጅግ ደካሞች መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። በዚህ ነገር ጄፍሪስ ልክ ነበር። ከዚህም በላይ ቬገነር ግሪንላንድ በዓመት በብዙ ሜትር የሚቈጠር መንገድ ትሄዳለች ብሎ ነበርና፣ ይህ ልኬት የተሳሳተ መሆኑ ኋላ ታውቋል።

እንግዲህ አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተቃዋሚዎቹ ምክንያቱ ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አያስነቅፋቸውም። ስሕተታቸው ምክንያቱ ስላልታወቀ ድርጊቱም አልሆነም ማለታቸው ነው። ወንዝ ከየት እንደሚመነጭ አለማወቅ ወንዙ የለም አያሰኝምና።

ቬገነር መልሱን ሳያገኝ ሞተ። በ1930 በግሪንላንድ መካከል ለክረምቱ የሰፈሩ ሁለት ባልደረቦቹ ስንቅ እንዳያልቅባቸው እርሱ በውሻ በሚጐተት ተንሸራታች ጋሪ ተጕዞ ደረሰላቸው። ኅዳር 1 ቀን፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ራስሙስ ቪሉምሰን ከተባለ ግሪንላንዳዊ ወጣት ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ለመመለስ ተነሣ፤ ሁለቱም ካሰቡበት ሳይደርሱ ቀሩ። በማግሥቱ ዓመት በግንቦት ወር የቬገነር ሬሳ በጥንቃቄ ተከፍኖ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሳቡ ከሰውዬው ጋር አልተቀበረም። የደቡብ አፍሪካው ሊቅ አሌክሳንደር ዱ ቶይት በ1923 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ የሁለቱን አገሮች ዐለት በዐይኑ አይቶ አነጻጸረና በ1937 የቬገነርን አሳብ የሚያጠናክር መጽሐፍ አወጣ። እንግሊዛዊው አርተር ሆልምስ ደግሞ በ1928 የጠፋውን ምክንያት ለመግለጽ ሞከረ። በርሱ አሳብ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ዐለት ምንም እንኳ ጠንካራ ቢሆን፣ ከብዙ ሙቀት የተነሣ በረዥም ዘመን ውስጥ ቀስ እያለ ይፈሳል። በእሳት ላይ የተጣደ ወጥ ሲፈላ ትኩሱ ከድስቱ መሀል ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ በዳር ቀዝቀዝ ሲል ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። የምድርም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ክፍላተ ዓለም በዚህ ዝውውር ይጓዛሉ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የሚረጋገጥበት መንገድ አልነበረም።

መልሱ ከባሕር ወለል ወጣ

ሊቃውንት እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሲመረምሩ የኖሩት የብሱን ብቻ ነበር። ነገር ግን ከምድር ገጽ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ በላይ የተሸፈነው በባሕር ነው። የባሕሩ ጥልቀት በገመድ ይለካ በነበረበት ዘመን ስለ ወለሉ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ድምፅ ወደ ታች ተልኮ ከወለሉ ነጥሮ የሚመለስበትን ጊዜ በመቍጠር ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ ከተሠራ ወዲህ ግን መርከቦች እየተጓዙ ያለማቋረጥ መለካት ቻሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ልኬት ሁሉ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ክፍል በሆነው በላሞንት የምርምር ጣቢያ ተሰበሰበ። በዚያ የምትሠራው ማሪ ታርፕ የተባለች አሜሪካዊት፣ በዚያ ዘመን ሴቶች በምርምር መርከብ ላይ እንዲሳፈሩ ስለማይፈቀድ፣ ብሩስ ሂዘን የተባለው ባልደረባዋና ሌሎች ከባሕር የሚያመጡትን ቍጥር በጠረጴዛዋ ላይ እያሰላች ወለሉን በሥዕል ትነድፍ ነበር። በ1952 ይህን ሥራ ስታካሂድ በአትላንቲክ መካከል ከሰሜን እስከ ደቡብ ተዘርግቶ በሚገኘው የባሕር ውስጥ ተራራ አናት ላይ ጥልቅ ሸለቆ ተሰንጥቆ እንደሚገኝ አስተዋለች። ሸለቆው የምድርን መከፈል የሚያመለክት ስለ ሆነ ሂዘን በመጀመሪያ እንደ ሴቶች ወሬ ቈጥሮ አልተቀበላትም። ኋላ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸው ቦታዎች በሌላ ካርታ ላይ ሲመዘገቡ ልክ በዚያው ሸለቆ ላይ ተደርድረው ተገኙ። የሸለቆውም ቅርጽ የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ የሚመስል መሆኑ ታየ። እንዲህ ያለው የባሕር ውስጥ ተራራ በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ እየተያያዘ ምድርን እንደሚዞር ከዚህ በኋላ ታወቀ።

በ1962 ሃሪ ሄስ የተባለው የፕሪንስተን ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር የነገሩን ትርጓሜ አቀረበ። ሄስ በጦርነቱ ጊዜ የጦር መርከብ አዛዥ ሆኖ ሳለ የጥልቀት መለኪያውን ሳይዘጋ የፓሲፊክን ወለል ሲመዘግብ የነበረ ሰው ነው። በርሱ አሳብ ከምድር ውስጥ ቅልጥ ዐለት በመካከለኛው ሸለቆ እየወጣ አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጥልቅ በሆኑት የባሕር ገደሎች ተመልሶ ወደ ምድር ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ክፍላተ ዓለም ቬገነር እንዳሰበው የባሕሩን ወለል እየሰነጠቁ የሚሄዱ ሳይሆኑ፣ ዕቃ በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እንደሚሄድ፣ ከወለሉ ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው።

የቀረው ማረጋገጫ ብቻ ነበር፤ እርሱም በማግኔት ተገኘ። ቅልጥ ዐለት በሚቀዘቅዝበት ጊዜ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ማዕድናት እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር ማግኔት አቅጣጫ ዞረው ይደርቃሉ። የምድር ማግኔት ደግሞ በየዘመኑ ሰሜኑ ደቡብ፣ ደቡቡ ሰሜን እየሆነ ሲገለባበጥ መኖሩ ይታወቃል፤ የመጨረሻው መገለባበጥ የተደረገው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ1963 ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች፣ የባሕር ወለል በእውነት የሚዘረጋ ከሆነ ይህ መገለባበጥ ከመካከለኛው ተራራ ግራና ቀኝ እንደ ጥለት ሆኖ ተመዝግቦ መገኘት አለበት ሲሉ ጻፉ። በዚያው ዓመት ላውረንስ ሞርሊ የተባለ ካናዳዊ ይህንኑ አሳብ ጽፎ ለሁለት መጽሔቶች ቢልክ ሁለቱም ሳያትሙለት ቀሩ።

በ1966 ኤልታኒን የተባለችው መርከብ በደቡብ ፓሲፊክ የለካችው ውጤት ሲገለጽ ጥለቱ በግራም በቀኝም እንደ መስታወት መልክ አንድ ዐይነት ሆኖ ተገኘ። በ1968 ደግሞ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ የደቡብ አትላንቲክን ወለል ስትቈፍር ከመካከለኛው ተራራ በራቁ ቍጥር ወለሉ በዕድሜ እያረጀ የሚሄድ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ኦርቴልዩስ በ1596 የጀመረው ጥያቄ መልስ አገኘ።

ዛሬ የሚታወቀው

አሁን ባለው ዕውቀት መሠረት ምድር ከተፈጠረች 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ይሆናታል። ከውስጧ ያለው ዐለት እየቀለጠ ሲወጣ ቀላሉ ክፍል ተለይቶ በላይ እየተከማቸ ሄደ፤ የክፍላተ ዓለምም መሠረት የሆነው ይኸው ቀላል ዐለት ነው። የክፍላተ ዓለም ቅርፊት ውፍረቱ በመካከለኛ ግምት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የባሕር ወለል ቅርፊት ግን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ገጽ ፕሌት በሚባሉ ታላላቅ የዐለት ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ ሰሌዳዎቹም አንዱ ካንዱ ሲለያዩ ባሕር ይከፈታል፤ ሲጋጩ ተራራ ይነሣል፤ ሲተሻሹ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል።

የባሕር ወለል እየታደሰ ስለሚኖር ከ200 ሚሊዮን ዓመት የበለጠ ዕድሜ ያለው በሰፊው ውቅያኖስ ውስጥ አይገኝም፤ በየብስ ግን ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ የቈየ ዐለት በካናዳ ይገኛል። ፓንጌያ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መከፋፈል ጀመረች። ደቡብ አሜሪካና አፍሪካ የተለያዩት ከ130 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ህንድ ወደ ሰሜን ተጕዛ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ ጋር ተጋጨችና የሂማላያ ተራሮች ተነሡ፤ ስለዚህም 8,849 ሜትር ከፍታ ባለው በኤቨረስት ጫፍ ላይ የባሕር ፍጥረት ቅሪት ይገኛል።

የጉዞው ፍጥነት የጥፍር ዕድገትን ያህል ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ነገር በአንድ ሚሊዮን ዓመት 20 ኪሎ ሜትር፣ በመቶ ሚሊዮን ዓመት 2,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቬገነር ለመለካት የደከመበት ይህ ጉዞ ዛሬ በሰው ሠራሽ ሳተላይት አማካይነት በሚሊ ሜትር ይለካል።

በአገራችን ምድር

በ1856 በህንድ የበረዶውን ምልክት ያገኘው ዊልያም ብላንፎርድ፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ የጦሩ የጂኦሎጂ መርማሪ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በትግራይ ያያቸውንም ዐለቶች በአዲግራትና በሕንጣሎ ስም ሰየማቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው በትግራይ ምድር በዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ የጥንት የበረዶ ግግር ያመጣው ድንጋይ መኖሩ ታውቆ፣ በ1971 ዳው፣ ቤይትና ጸጋዬ ኃይሉ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በጽሑፍ አወጡ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኢትዮጵያ፣ ህንድና ደቡብ አፍሪካ የአንዲቱ የጎንድዋና ክፍሎች ነበሩና የህንድና የትግራይ ድንጋዮች የሚመሰክሩት ነገር አንድ ነው። ቈይቶም ባሕር አገሩን ሸፍኖት ነበር፤ በአባይ ሸለቆ በሚታየው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ብዙ ቅልጥ ዐለት ፈሶ የሰሜንን ተራሮች የሚሸፍነውን ባዛልት አስገኘ።

ዓረብ ምድር ከአፍሪካ ተለይታ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈቱት ከዚያ ወዲህ ነው። እነዚህ ሁለት ባሕሮችና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የሚገናኙት በአፋር ነው። በሌላው ዓለም በባሕር ጥልቅ ተሰውሮ የሚካሄደው ሥራ በአፋርና በአይስላንድ በየብስ ላይ ይታያል። በ1978 በጅቡቲ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ምድር 2 ሜትር ያህል ተከፈተ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይኸውም በ2005፣ በአፋር ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ስፋት ተለያየ፤ በስንጥቁም ውስጥ ቅልጥ ዐለት ከታች ገብቶ ሞላው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን መርምረዋል፤ ለዓለም ሊቃውንትም የውቅያኖስ አወላለድ የሚጠናበት ስፍራ ሆኗል።

ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1969 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። ከ2024 እስከ 2025 ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ በመንቀጥቀጧ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ሌላ ስፍራ ለመሄድ ተገደዋል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ መንገድ፣ ግድብ፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ የሚያሠራ መሐንዲስና ሹም ምድሪቱ የምትንቀሳቀስ መሆኗን ዐውቆ መሥራት ይገባዋል። የከርሰ ምድሩ እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ኀይል የሚጠቅመውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። ቬገነር ከሌላ ሙያ የመጣ በመሆኑ ማስረጃው አልተሰማም፤ የማሪ ታርፕ ሥዕል እንደ ወሬ ተቈጠረ፤ የሞርሊም ጽሑፍ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ሦስቱንም ያጸደቃቸው ጩኸት ወይም ክርክር አልነበረም፤ በትዕግሥት የተለካ ልኬት ነው። አዲስ አሳብ ያለው ሰው መለካትን፣ አዲስ አሳብ የሚቀርብለትም ሰው የአቅራቢውን ማዕርግ ከመጠየቅ በፊት ማስረጃውን ማየትን ቢለምዱ፣ አራት መቶ ዓመት የፈጀው ነገር ባጭር ጊዜ ሊያልቅ በቻለ ነበር። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት ለዚህ ነው፤ ንጋቱን የሚያፋጥነው ግን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።